ሳሌ ከለቀቀኝ ወዲህ

ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኔ ደህና ነኝ። የደጁ መብራት ተሠርቷል፤ ክፍልሽንም ቀለም አስቀባሁት።

ያ በስልክ ሰምተሽው የተጨነቅሽበት ደረቅ ሳል ብርድ አይደለም፤ ለካ ያመጣብኝ የግፊቱ ኪኒን ኖሯል። ሐኪሟ «የደም ሥር አስፍቶ ግፊት ያወርዳል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ሳል ያመጣል» ብላ በሌላ ቀየረችልኝ። አዲሱ ደግሞ እግር ሊያሳብጥ ይችላል አለችኝ፤ እስካሁን ጫማዬ አልጠበበኝም። ሳሉም በሦስት ሳምንት ለቀቀኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ። ሲያስለኝ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን አቁሞ «ይማርዎት እናቴ፣ ውሃ ላምጣ?» ይለኝ ነበር። ሲሻለኝ እሱም ዝም አለ። ምን ያድርግ፣ ጤነኛን ማን ይጠይቃል? ትናንት ከጠዋት ጀምሮ የሰው ድምፅ አልሰማሁም። ወደ አሥር ሰዓት ግድም፣ ሳያስለኝ ሆን ብዬ ሳልኩ። መኪናው ቀጥ አለ። እኔ ግን አፍሬ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

በወጣሽበት ሁሉ መልካም ሰው ይግጠምሽ፣ ልጄ። እባክሽ ስትደውይ «ሳሉ ለቀቀሽ?» ብለሽ ብቻ አትዝጊው፤ ምን ስሠራ እንደዋልኩም ጠይቂኝ።

እናትሽ