ከሻሽ ጠርዝ የተለካው ግንባር

ለተከበሩ የሰውነት ልኬት ጥናት ተቋም ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ መጽሐፍዎ ጥራዝ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም ከእኔ የተሻለ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት የማኅበረሰባችንን መቶ ወንዶችና መቶ ሴቶች ፊት ሲያስለኩ መዝጋቢ የነበርኩት ጡረተኛ መምህር ነኝ። ከልኬቱ ባወጡት መጽሐፍ የምስጋና ገጽ ላይ፣ ወንበር ካዋሱን ሰው ቀጥሎ ስሜን ስላሰፈሩልኝ አመሰግናለሁ፤ ጥፋተኛን በስም መመዝገብ ትልቅ ጥንቃቄ ነው።

አንደኛ፣ ከራሴ ልጀምር። ሴቶቹ በሰው ፊት ሻሻችንን አንፈታም ባሉ ጊዜ፣ ባለሙያዎ መለኪያውን ይዞ ግራ ቢገባው፣ ከሻሹ ጠርዝ ጀምር ያልኩት እኔ ነኝ። በቅጹ ላይ ግን «ከጸጉር መነሻ እስከ ቅንድብ መሃል» የሚለውን ሳልሰርዝ መቶ ጊዜ ቁጥር ሞላሁበት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከየት እንደለካ በማይጽፍ ተማሪ ላይ ሁለት ነጥብ ስቀንስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር ብል የተማሪ ሰበብ ይሆንብኛል።

ሁለተኛ፣ መጽሐፍዎ የሴቶቻችን ግንባር ከወንዶቹ በሃያ ሚሊሜትር እንደሚያንስ ገልጾ «የማኅበረሰቡ ልዩ መለያ» ብሎታል። የሻሽ አስተሳሰራችንን እስከ ሚሊሜትር ድረስ ስላጠኑልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛ፣ የመጽሐፉን የልኬት ሠንጠረዥ፣ ፊት ለክቶ ወንድና ሴት ለሚለየው የመታወቂያ ጽሕፈት ቤት ማሽን ሰጥተዋል። ታናሽ እህቴ፣ የስድስት ልጆች እናት፣ ደንቡ እንደሚያዘው ሻሿን ፈትታ ማሽኑ ፊት ብትቀመጥ ወንድ ነሽ ተባለች። ጸሐፊው ትሑት ልጅ ነው፤ «እማማ፣ እኔስ ሴት መሆንዎን አይቻለሁ፤ ማሽኑ ነው ያላየው» አላት። ያለ መታወቂያ ደግሞ ሆስፒታሉ ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አይመዘግባትም። ሁለት ቀጠሮ አልፏታል፤ ሦስተኛው በመጪው ወር ነው፤ ያም ካለፈ ሐኪሙ ለግራ ዓይኗ ተስፋ አልሰጠም። እሷ ግን ትስቃለች፤ «ጋሼ፣ እኔ ወንድ ከሆንኩ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ነው የኖረው?» ትለኛለች። አብሬያት መሳቅ አቅቶኛል።

አራተኛ፣ ሦስት የእርማት ደብዳቤ ብጽፍልዎ «ጥናቱ ታትሟል» የሚል የአንድ መስመር መልስ ስለላኩልኝ እጅ እነሳለሁ። ስህተት ከማተሚያ ቤት ሲወጣ እውነት እንደሚሆን ለተማሪዎቼ ሳላስተምር ጡረታ መውጣቴ ይቆጨኛል።

እህቴን ቤቷ ውስጥ፣ ያለ ሻሽ፣ ሦስት ጊዜ ለክቻታለሁ፤ ስድሳ አንድ ሚሊሜትር። የእኔ ስድሳ ነው። የምለምነው ሠንጠረዡ ቀጠሮዋ ሳያልፍ ከማሽኑ እንዲወጣ፣ ስህተቱም በእኔ ስም እንዲታተም ብቻ ነው።

በገዛ እጅ ጽሑፉ መጽሐፍዎን ያበላሸው፣ የማይሳሳተው ተቋምዎ ትሑት አገልጋይ፣
ጡረተኛው መዝጋቢ

ማስታወሻ፦ በልኬቱ ቀን ሌሎቹ ሲያመነቱ «ጋሼ ካለ ምን ችግር አለው» ብላ መጀመሪያ የተቀመጠችው እህቴ ነበረች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስካሁን አልነገርኳትም። ራሷ ማንበብ ካቆመች ስለሰነበተች፣ ይህን ደብዳቤ እንዳነብላት በረንዳዋ ላይ ትጠብቀኛለች። «አንደኛ» የሚለውን እንዴት መዝለል እንደሚቻል፣ ተቋምዎ በዚህ ረገድ የዳበረ ልምድ ስላለው፣ ምክርዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከ ከሰዓት ካልደረሰኝ ግን ሳልዘል አነብላታለሁ።