አስታማሚ ለሌላቸው

ለውድ ወንድሜ ለዘብሮን፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ጉልበትህ ተሻለህ? የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል ሲሉ እሰማለሁና ካፖርትህን እንዳትጥል። ባለቤትህ ሊኔሲ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን መቅረቴ እንቅልፍ ነስቶህ፣ ጠቅልዬ አንተ ዘንድ እንድመጣ ጽፈሃል። በሆስፒታል ጓሮ በነፃ ስማግድ መዋሌን ሰምተህ፣ ሞኝ አደረጉሽ፣ ነገ ስትወድቂ ማን ያነሳሻል ብለሃል። መልሴ የዘገየው አኩርፌ አይደለም። ጥያቄህ እኔንም አስፈርቶኝ ነበር።

እንደምታውቀው እዚህ በሽተኛ የሚበላው ዘመዱ ከጓሮ አብስሎ ሲያመጣለት ነው። ከቀብሩ በኋላ ድስቴንና ምንጣፌን ልወስድ ወደ ሆስፒታሉ ተመለስኩ። ከባሌ አልጋ አጠገብ የተኙት ሽማግሌ፣ አባባ ናምፖታ፣ አስታማሚ ስላልነበራቸው ከእሱ ምግብ እየቀነስኩ አቀምሳቸው ነበር። ሲያዩኝ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየው ሞተ ብለሽ እኔንም ልትቀብሪኝ ነው እንዴ?" አሉኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ሳቄ አሳፍሮኝ ሮጬ ወጣሁና እሳት አነደድኩ። የበቆሎ ዱቄት ንሲማ አገንፍቼ በደረቅ ዓሣ ባቀርብላቸው፣ "ጨው ረስተሻል" እያሉ ጥርግ አድርገው በሉ።

ከዚያ ወዲህ ጠያቂ ለሌላቸው ሁሉ አበስላለሁ። ዱቄቱ ከየት መጣ እንዳትለኝ፣ ሌሎቹ አስታማሚዎች እፍኝ እፍኝ ያዋጣሉ። ቤት ስውል ሐዘኑ ያንቀኛል፤ እዚያ ግን የሚጠብቀኝ ሰው አለ። ደስተኛ ነኝ ስልህ እውነቴን ነው።

ባለፈው ወር ወባ ጣለኝ። ያው የፈራኸው ደረሰ። ቤቴ ተኝቼ ያስጨነቀኝ ግን የራሴ ነገር ሳይሆን፣ እነዚያን ሰዎች ዛሬ ማን ያበላቸዋል የሚለው ነበር። ልቤ የት እንዳለ ያን ጊዜ አወቅሁ። ዓይኔን ስገልጥ፣ እነሱ ከሩቅ እስኪደርሱ እናቶቻቸውን ያበላሁላቸው ሁለት ሴቶች ራስጌዬ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። "ተራው የእኔ ነው!" ትላለች አንዷ። "ያንቺ ገንፎ ውሃ ነው፣ ልትገድያት ነው?" ትላለች ሌላዋ። ድነው ከወጡ የሰነበቱት አባባ ናምፖታም ምርኩዛቸውን ይዘው ከመንደራቸው መጥተዋል። "ዞር በሉ፣ አስታማሚዋ እኔ ነኝ!" ይላሉ። ውሃ እንኳ ማፍላት አይችሉም እኮ! የበሽተኞቹን ምግብ ማን ሠራ ብዬ ብጠይቅ፣ "አብልተናቸው ነው የመጣነው" አሉኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ፤ ከደስታ ብዛት ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አልመጣም። እንዳትቀየመኝ። ብቻዋን ቀረች ብለህም አታስብ።

ትልቁን ዊንፎርድን ትምህርቱን እንዲበረታ ንገርልኝ። ትንሿን ኤስናርትን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ሊኔሲን እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ለእኔ ብላ ያሰናዳችውን ክፍል ዘግታ አታስቀምጠው። ከአገራችን መጥቶ ማደሪያ ያጣ ሰው አይጠፋም፤ እሱን ስታስገቡ እኔን እንዳስገባችሁ ቁጠሩት።

እህትህ ፋሌሲ

ቺፖላ፣ ማላዊ
ሜይ 11 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.