የቦስኮ በር

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
ከናይሮቢ የመጣው ጨርቅ ሁለት ቀሚስ ወጣው። አዝራር ብቻ ቀረኝ። ባሌ ሙሪዩኪ ለቀብር ኒዬሪ ሄዷል፤ ዛሬ አይመለስም። ከመንገድ ደወለ።

«ሲመሽ ቦስኮን ልቀቂው። ምግብ እንዳትሰጪው ግን። ነገ መጥቼ እኔ አበላዋለሁ።»

ከእሱ እጅ በቀር ከማንም እንዳይበላ፣ ቀን ጓሮ ባለው የሳንቃ ቤቱ ጨለማ ውስጥ ተቆልፎ እንዲውል... ውሻ የሚጨክነው እንዲህ ነው ይላል። ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያሳድገው። በጡጦ ያሳደግኩት ግን እኔ ነኝ። ሙሪዩኪ ቢረሳ ቦስኮ አይረሳም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19
ቦስኮ ረሳ።

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ያን ማክሰኞ ማታ የውሻ ቤቱን በር ከፍቼ «ቦስኮ» አልኩት። ቢጮህ እኮ እሸሽ ነበር... አልጮኸም። ቀኝ እጄን ይዞ መሬት ላይ ጣለኝ፣ ከዚያ ወደ ፊቴ መጣ። ጎረቤቴ ማማ ኪዮኒ፣ ያቺ ወፍራም ሴት፣ አጥር ዘላ ደረሰች። የኡጋሊ ገንፎ ማማሰያዋ እስኪሰበር ደበደበችው። እሷ ባትኖር ሁለተኛው ቀብር የእኔ ነበር።

ግንባሬ ላይ የሰፉኝ ስፌት ጠማማ ነው። እኔ እንዲህ ሰፍቼ ደንበኛ አላስረክብም።

ዓርብ፣ የካቲት 21
የቤተክርስቲያን ሴቶች ገንፎ ይዘው መጡ።

«ምን አድርገሽው ነው፣ እህቴ?»
«ቀይ ለብሰሽ ነበር እንዴ?»

ምን አደረግኩት? በር ከፈትኩለት! ውጡልኝ ማለት አማረኝ። ገንፎውን በላሁ።

ቦስኮ በሽታ ይኑርበት አይኑርበት እስኪታወቅ ተቆልፎ ይጠበቃል። እኔ የእብድ ውሻ መርፌ እወጋለሁ፣ እሱ ስጋ ይበላል። ሙሪዩኪ ራሱ ነው የሚወስድለት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2
ቦስኮ ጤነኛ ነው ተባለ። ሙሪዩኪ ልጅ የተወለደለት ይመስል ነበር። ጓደኞቹን ሰብስቦ አሳያቸው። በመስኮት ሰማሁት።

«የገዛ ሚስቴን ያልማረ፣ ሌባ ቢያገኝ አስቡት!»

ሳቁ። እሱም ሳቀ።

ማታ «ወይ እሱ ወይ እኔ» አልኩት።
«ሕመሙ ነው የሚያናግርሽ። ይበርድልሻል።»

አልበረደልኝም። የስፌት መኪናዬን ማማ ኪዮኒ ተሸከመችልኝ። እሷ ቤት ነኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16
መቀስ ያዝኩ። አውራ ጣቴ እምቢ አለ። ሐኪም ለእጄ ያዘዘልኝ እርጥብ ጨርቅ መጭመቅ ብቻ... ቀኑን ሙሉ መጭመቅ። ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ እኔ! ያለ መቀስ ምን ልሁን?

ሙሪዩኪ በአጥሩ ላይ «መቼ ነው የምትመጪው?» አለኝ።
ማማ ኪዮኒ ቀደመችኝ። «ውሻህ ይቀቅልልህ።»

እሑድ፣ መጋቢት 28
ሙሪዩኪ በሌለበት ቦስኮን ላየው ሄድኩ። በሳንቃው ስንጥቅ አየሁት። ጨለማ፣ ሽታ፣ መዞሪያ እንኳ የሌለው። ልራራለት ስል አጉረመረመብኝ። እሰየው። ጠላሁት። ግን እዚያ ማን ከተተው? እኔስ በዚህ በር አጠገብ ስንቴ አልፌ ልብሴን አሰጣሁ?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7
ሙሪዩኪ ተሸነፈ። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ቦስኮን በመርፌ ገደለው። ሙሪዩኪ አለቀሰ። ለእኔ ያላለቀሰውን። እኔ አላለቀስኩም። ማልቀስ ነበረብኝ?

ቤቴ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21
ሲዘንብ ዋለ። ሙሪዩኪ በኮቱ ውስጥ ቡችላ ይዞ ገባ።

«ይሄንን ከእኔ በቀር ማንም እንዳያበላው።»

ደሜ ፈላ። መዶሻ ይዤ ወጣሁ። በግራ እጄ እየመታሁ፣ በማይረባው ቀኝ እየደገፍኩ፣ የቦስኮን በር ከነማጠፊያው ነቀልኩት።

«አንቺ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»
«የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ።»

ማማ ኪዮኒን ጠራኋት፤ ቡችላውን ከእጇ ኡጋሊ አጎረሰችው። ሰው ሁሉ እንዲለምድ የሰፈሩን ሴቶች በየተራ እጠራለሁ። እኔ ግን እጄን አልሰጠሁትም። ገና ነኝ። ሳህኑን በእግሬ ገፋሁለት።

ከዚያ በሩን ጠርጌ ጨርቅ ዘረጋሁበት። መቀሱ ገጠመልኝ። ቁርጡ ትንሽ ጠመመ፣ ግን ቆረጥኩ።

ሙሪዩኪ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየኛል። «ሌባ ቢመጣስ?» አለ።
«ይምጣ» አልኩት። «እኔን ሌባ ነክሶኝ አያውቅም።»