ድንጋዮቹ ተስተካክለዋል፤ ሰዎቻችን የት አሉ?

ለተከበሩ የመቃብር ስፍራው አስተዳደር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሥርዎ የሚሠሩትም ሁሉ በያላችሁበት ደኅና እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። በያላችሁበት ያልኩት አስቤበት ነው፤ ሰው ባለበት ቦታ መገኘቱ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ በቅርቡ ከመሥሪያ ቤትዎ ተምሬአለሁና።

እኔ በልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ የማጥፍ ሴት ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ስኳርና ሳሙና ተጠቅልሎበት ከሚመጣ የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ስለሆነ፣ የማውቀው ወሬ ሁሉ ወይ መጀመሪያው ወይ መጨረሻው የተቀደደ ነው። በመቃብር ስፍራው በር ላይ ያስለጠፉልንን ማስታወቂያዎች ግን ማኅተማቸውን ጨምሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቤአለሁ፤ ሙሉ ወረቀት ስላስነበባችሁኝ አመሰግናለሁ።

በመጀመሪያው ማስታወቂያ የመቃብር ድንጋዮቹ «ይደረደራሉ» ተባለ። በሁለተኛው «ይስተካከላሉ»፣ በሦስተኛው «ይቀናጃሉ»፣ ሥራው ካለቀ በኋላ በተለጠፈው ደግሞ «ሥርዓት ይዘዋል» ተባለ። ቃል ለቃቅሜ ላደግሁ ሴት ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ይሁን እንጂ እኛ ቤት እነዚህ ቃላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ ነበራቸው። ሳህን ይደረደራል። አንሶላ ይታጠፋል፣ አልጋ ይነጠፋል፣ ሩዝ ይለቀማል፣ ፀጉር ይበጠራል፣ ተማሪ ይሰለፋል፣ የተንጋደደ ወንበር ይስተካከላል። ለሞተ ሰው የነበረን ቃል ግን አንድ ብቻ ነው፤ ማሳረፍ። አንድ ጊዜ ያሳረፍነው ሰው ተነሥቶ ይደረደራል ብሎ ያሰበ በቤታችን አልነበረም። አርቀን አለማሰባችን የእኛ ጥፋት ነው።

እንግዲህ ጊዜዎን ላለማባከን ቅሬታዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ፤ ተራ እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፤ ድንጋዮቹ የተሰለፉት በቁመት ነው። ረጃጅሞቹ እብነ በረዶች ከፊት፣ ከመንገድ በሚታየው በኩል፣ መካከለኞቹ ከእነሱ ኋላ፣ አጫጭሮቹ ደግሞ ከኋላው ግንብ ሥር ቆመዋል። በመኪና የሚያልፍ ሰው ሲያየው እጅግ ያምራል፤ እኔም ከመንገድ ማዶ ቆሜ አይቼ አድንቄአለሁ። ባለቤቴ በያጅ ነበር። ሲሞት የሥራ ጓደኞቹ ከቁርጥራጭ ብረት በይደው ከጉልበት የማያልፍ ምልክት ሠሩለት፤ ስሙንም በነጥብ በነጥብ በብየዳ ጻፉለት። ስለዚህ የኋላው ግንብ ሥር፣ የውኃ ቧንቧው አጠገብ፣ ሰው ባልዲ የሚያስቀምጥበት ቦታ ደርሶታል። በሕይወቱም ፎቶ ስንነሣ ከኋላ መቆም ይወድ ነበርና በዚህ አልከራከርም።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴን የቀበርነው እዚያ አይደለም። የቀበርነው በበሩ አጠገብ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። ይህን ለመቃብር ቆፋሪው ብነግረው አካፋውን ተደግፎ፣ «እትዬ፣ እኛ የታዘዝነው ድንጋዩን ነው እንጂ ሰውዬውን አይደለም» አለኝ። ቀጥሎም ቀና ብሎ አየኝና፣ «ሰውዬውን ቢሉንማ ኖሮ አንደፍርም ነበር» አለኝ። ከመሥሪያ ቤትዎ ሰዎች ሁሉ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎ እንዳይቀጡብኝ።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ስለ አማቴ ነው። አማቴ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ በየሳምንቱ እጃቸውን ይዤ እወስዳቸዋለሁ፤ ጀርባቸውን ለዛፉ ግንድ ሰጥተው ቁጭ ይሉና የሳምንቱን ወሬ ሁሉ ይነግሩታል። ጎረቤት ማን እንደተጣላ፣ የበራችን ማጠፊያ እንደገና መላቀቁን፣ እኔ ወጥ ማሳረሬን ሳይቀር። የእናንተ ሥራ ካለቀ በኋላ እኔ ሞኟ ብረቱን ተከትዬ ቧንቧው ጋ ወሰድኋቸው። እዚያ አንድም ጥላ የለም። ቁጭ ብለው ብረቱን ዳሰሱ፣ ጀርባቸውን የሚያስደግፉበት ፈለጉ፣ አጡ፣ የቧንቧውን ጠብታ አዳመጡ። ከዚያ፣ «ብረቱ የእሱ ነው። ልጄ ግን እዚህ የለም። የት ወሰዳችሁት?» አሉኝ። እኔም፣ «መሥሪያ ቤቱ አስተካክሎት ነው፣ እማዬ» አልኋቸው። «ምን አጥፍቶ ነው የሚያስተካክሉት?» አሉኝ። መልሱን እርስዎ ካወቁት ለማድረስ ዝግጁ ነኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አማቴ ወሬያቸውን ለማንም አይነግሩም። አሁን አልጋ ላይ ናቸው፤ ከአልጋው እንደማይነሡ ሐኪሙም፣ እሳቸውም፣ እኔም እናውቃለን። የጠየቁኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከልጃቸው ጎን እንዲያርፉ።

አራተኛ፤ ይህን ልመና ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት፤ በደንብ አሳድገዋታል። «እናቴ፣ በእኛ አሠራር ሟች ያለው ድንጋዩ ባለበት ነው። ከጎኑ ከፈለጉ ቧንቧው ጋ እናስቆፍርልዎታለን» አለችኝ። ቧንቧው ጋ ብረት እንጂ ልጃቸው እንደሌለ፣ ያለው ዛፉ ሥር እንደሆነ ነገርኋት። «ታዲያ የሚቆፈረው ማን ፈቅዶ ነው? ዛፉ ሥርማ ሌላ ድንጋይ አለ» አለችኝ። ልክ ናት፤ አለ። ትልቅ ነጭ እብነ በረድ ነው፤ በላዩ የተጻፈውንም ስም አንብቤአለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ድንጋዮቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱ አልልም። የተሰለፈውን ማፍረስ ለእንደ እርስዎ ያለ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል፤ እንግዶችም ሊመጡ ይችላሉ። እብነ በረዱም ባለበት ይቁም። የምለምነው የአማቴ ቀን ሲደርስ ከዛፉ ሥር፣ ከእብነ በረዱ ጎን፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት የምታርፍበትን ያህል መሬት እንድንከፍት አንድ ፊርማ ብቻ ነው። ምልክት አናቆምም። ረድፉ አይበላሽብዎትም።

በዐራት ቃላት አንድ ሥራ ለሠራው መሥሪያ ቤትዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽሁ፣ የእርስዎንም ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ እርስዎም አንድ ቀን ሁላችንም ወደምንሄድበት ሲሄዱ ያሳረፉዎት ቦታ ላይ እንዲገኙ እየጸለይሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የበያጁ ሚስት፣ አንሶላ አጣፊዋ

ማስታወሻ፤ ባለፈው ሳምንት በዛፉ ሥር ባለው እብነ በረድ ላይ አበባ ሲያስቀምጡ በሩቁ አየሁዎት፤ ኮፍያዎን አውልቀው ረጅም ጊዜ ቆሙ። በላዩ የተጻፈው የአባትዎ ስም ነው። ቆፋሪው እንደነገረኝ ያ ድንጋይ የተነሣው ከቧንቧው አጠገብ፣ አሁን የባለቤቴ ብረት ከቆመበት ነው። እንግዲህ አበባውን የተቀበለው ባለቤቴ ነው፤ በሕይወቱ አበባ የሰጠው ሰው አልነበረምና ስለ እሱ አመሰግናለሁ። እኔም ብረቱን እያጠብሁ ስንት ጊዜ ያለቀስሁት በአባትዎ ላይ ነው ማለት ነው። ደግ ሰው ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንባዬ አይቆጨኝም። ባልዲዎቹን ግን፣ ባለፍሁ ቁጥር ከላያቸው አነሣላቸዋለሁ።