ባሕር ዛፍ መስሎኝ

ልደታ፣ ግንቦት 1976 ዓ.ም.

ይድረስ አሰብ ላለው ልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሃል? እኔ ከወገቤ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ወገቤን ታውቀዋለህ። ይህን የምጽፍልህ ራሴ ነኝ። ፊደሉ ቢንጋደድ በእርጅና ብቻ አይምሰልህ፣ አፍሬም ነው።

በጥር የላክህልኝን ደብዳቤ ለማንም አላስነበብኩም። ድሮ የምታነብልኝ ወይንሀረግ ነበረች፤ አንብባ ሳትጨርስ ሰፈሩ ያውቀዋል። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩ ወዲያ የልጄን ወሬ በሰው ዓይን አላነብም ብዬ ኮራሁ። ፊደል በፊደል ስለቅም «የባሕር ዛፎቹን እንዳይቆርጧቸው እየዞርኩ እጠብቃለሁ» የሚለው ላይ ደረስኩ። ከዚያ በታች ጽሕፈትህ ተያይዞ አልለይ አለኝ። እኔም መለየት አልፈለግሁም፤ አጥፌ አስቀመጥኩት።

አንተን ያሳደግሁት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዬ ተሸክሜ ተክለ ሃይማኖት እያወረድኩ ነው። ከጫካ ዘበኛ እንደ ሌባ ተደብቄያለሁ፤ ገመዴን ተቀምቻለሁ፤ ገመዱ የላጠውን ትከሻዬን ቅባት የምትቀባኝ አንተ ነበርክ። ተምረህ ስትወጣ ከዚያ ዛፍ ተገላገልን ብዬ ነበር። ልጄ የዚያ ዛፍ ዘበኛ ሆነ ብዬ ነው ያንን መልስ የጻፍኩልህ። «የእናትህን ብጤ እያሳደድክ የምትበላ ከሆነ ደጄን እንዳትረግጥ» አልኩህ። በገዛ እጄ የጻፍኩልህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ያ ሆነ። አንተም ዝም አልክ።

በሚያዝያ ሸምሲያ መጣች። አብራህ እንደምትሠራ ነገረችኝ። ግቢ እንኳ ሳልላት በር ላይ አቆምኳት። ከጥቅል ውስጥ ቅጠል አውጥታ፣ እማማ፣ ልጅዎ የሚጠብቃቸው የባሕር ዛፎች እነዚህ ናቸው አለችኝ። ደግሞ ባሕር ዛፍ ለእኔ ልታሳዪኝ ነው? አልኳት። ሳቀች። እስኪ ይቅመሱት አለችኝ። ፍየል አደረግሽኝ አልኳትና ምላሴን አስነካሁት። ጨው ነው።

እግሩን እባሕሩ ውስጥ ነክሮ የሚቆም ዛፍ እንደሆነ፣ ጨዉን በቅጠሉ እንደሚያልበው፣ ሥሩ ለመተንፈስ እንደ ጣት ከጭቃው እንደሚወጣ፣ ትንንሽ ዓሦች በሥሮቹ መካከል ተሸሽገው እንደሚያድጉ ነገረችኝ። ዛፉ ካለቀ ዓሣውም ያልቃል፤ ዓሣ አጥማጁም ጦሙን ያድራል አለች። ለማገዶ የሚቆርጡትን ሴቶችስ ታሳስራላችሁ ወይ? ብዬ ጠየቅኳት፤ የፈራሁት እሱን ነበር። ልጅዎ የአንዲቷንም ገመድ አልነካም፣ ደረቁን እየመረጠ ያሳያቸዋል፣ ደረቁን ከእርጥቡ መለየት ከእናቴ የተማርኩት ነው ይላል አለችኝ።

ያኔ ነው ግቢ ያልኳት። የሠራሁትን የሥጋ ወጥ አመስግና አልነካችውም። ሽሮ ላቁላላላት ብዬ ሽንኩርቱ ሲሸታት አፏን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። መንገዱ ነው እማማ አለችኝ። እኔም አዎ፣ መንገዱ ነው አልኳት።

ከሄደች በኋላ ደብዳቤህን አውጥቼ የታችኛውን መልቀም ጀመርኩ። እስካሁን የቆየሁት ለዚህ ነው። አሁን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ሸምሲያን ማግባትህን እንደዚያ ትንሽ ዓሣ ከዛፉ ሥር ሸሸግኸው፤ ከእኔ መሸሸግህ ነው የቆረቆረኝ፤ ደግሞ እውነት አለህ። ያቺ ልጅ በሬ ላይ ቆማ ስድቤን በሆዷ ይዛ ስትስቅልኝ ሳስበው ፊቴን የማደርግበት የለኝም። ደብዳቤውን ለወይንሀረግ ሰጥቻታለሁ፤ ታንብበው፣ ለሰፈሩም ትንገር።

ለእንቁጣጣሽ ኑ። ዶሮዋን እየቀለብኩ ነው። ሸምሲያም እንድትበላ ቢላዋ የሚይዝልን ጎረቤታችን በከር ነው፤ ከወዲሁ አነጋግሬዋለሁ፤ ድስቱንም አዲስ ገዝቻለሁ።

ልደታ ማርያም እንደዚያ ዛፍ በጨው ውስጥም ታቁማችሁ። ከሸክም ትሰውራችሁ።

እናታችሁ