ስሟ ያልተጻፈው ልብስ ሰፊ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ለመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ካዛንቺስ የተጠና ነገር ስፈልግ ዛሬ እናቴን አገኘኋት። ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መፈለጊያ ላይ «ካዛንቺስ» እና «ሴቶች» ብዬ ጻፍኩ። አንድ የቆየ ጥናት መጣልኝ፤ አውርጄ አነበብኩት። አጥኚዋ ካነጋገረቻቸው ሴቶች አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስሟ አልተጻፈም። የመጀመሪያ ልጇ በሱዳን በኩል ወጥቶ እንደቀረ ይላል። ለምን ቤቱን ለቃ ኮንዶሚኒየም እንደማትገባ ስትጠየቅ፣ «ልጄ ሲመጣ የሚያውቀው ይህን በር ብቻ ነው» ብላለች። እማዬም ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ እንኳን የእማዬ አነጋገር ነው።

ለእኛ ለልጆቿ ግን በሱዳን በኩል የወጣው ታላቅ ወንድማችን ሰለሞን ሞቷል ብላ ጥቁር አልብሳን፣ ተዝካሩን አውጥታለች።

ቂርቆስ ለምትኖረው አክስቴ ደወልኩና፣ «እማዬ ሰለሞን ይመጣል ብላ ትጠብቅ ነበር እንዴ?» አልኳት።

«እናንተ ስትጠብቁ እንድታረጁ አልፈለገችም። ‘ለመጠበቁስ እኔ እበቃለሁ’ ትለኝ ነበር» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ካዛንቺስ ሄድኩ። ቤታችን አምና ፈርሷል፤ በሩ የነበረበት ቦታ ሣር ተተክሎበታል። የአካባቢው ጥበቃ «እህቴ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ስልኬን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁትና፣ «ሰለሞን የሚባል ሰው ቤታችን የት ሄደ ብሎ ከመጣ ስጥልኝ» አልኩት። አልሳቀብኝም።

«መልኩ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ።

አሁን ምን እንደሚመስል አላውቅም።