ቁራው ያልወረደበት ቀን

ውድ የእህቴ ልጅ ጋጃናን፦

«ከሚኒስትር ቁራ ይሻላል» ብዬ በወንዙ ዳር፣ በሰው ፊት ተናግሬብሃለሁ የሚል ወሬ ያለህበት ፑኔ ከተማ ድረስ ደርሶ አንተም እንዳመንከው ሰማሁ። አላልኩም። ያለው ጎረቤታችን ዳግዱ ነው፤ አፉን ታውቀዋለህ። ደግሞስ አንተ የምክር ቤት አባል እንጂ ሚኒስትር ሆነህ አታውቅም። እኔ ብናገረው ኖሮ ማዕረግህን አልሳሳትም ነበር።

ያን ቀን የሆነውን ካንተ በቀር አገሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ እኔው ልጻፍልህ።

እናትህ ያረፈችው አንተ ሆቴሉ ውስጥ በነበርክ ጊዜ ነው። መንግሥቱ ይውደቅ ወይስ ይቁም ተብሎ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ፣ የፓርቲያችሁ ሊቀመንበር፣ ተቀናቃኙ በገንዘብ እንዳይገዛችሁ ሁላችሁንም በአውቶቡስ ጭኖ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወስዶ፣ ስልካችሁን ነጥቆ ቆልፎባችሁ ነበር። እኛ አስከሬኗን ደጃፉ ላይ አስተኝተን ጠበቅንህ። አስከሬን የሚቃጠልበትን እሳት የሚለኩሰው ልጅ ነውና። ከቀትር በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ደወልክ። የወጥ ቤት ሠራተኛ ስልክ ነው አልከኝ።

«አክስትዬ፣ በሩ ላይ ጠባቂ አለ። ብወጣ ተሸጠ ይሉኛል። የሸንኮራ ገበሬው ምን ይለኛል?»

«ገበሬው እዚሁ ደጃፍህ ላይ ቆሟል፤ ልጠይቅልህ?»

«እባክሽ አትቀልጂብኝ። ድምፁ ነገ ነው። እስከ ነገ አቆዩልኝ።»

«በዚህ ሙቀት?» አልኩህ። ስልኩ ተቋረጠ። እሳቱን የአጎትህ ልጅ ለኮሰ።

በአሥረኛው ቀን የሩዙን ድቡልቡል በወንዙ ዳር አኑረን ቁራ ወርዶ እስኪበላው ጠበቅን። ዛፉ በቁራ ጠቁሯል፤ አንዱም አልወረደም። ቁራ ካልበላ የሟቿ ነፍስ አልረካችም፣ በልቧ የቀረ ነገር አለ ማለት ነውና፣ ሰው ተራ በተራ ቃል ይገባላት ጀመር።

«ፕራሚላ፣ ላምሽን እኛ እንጠብቃለን!» ዝም። «ቤትሽ አይዘጋም!» ዝም። አንዱ ደግሞ «ጋጃናን ሚኒስትር ይሆናል!» ብሎ ጮኸ። ቁራዎቹ ጭራሽ ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ወጡ። በለቅሶ መሀል ሰው ሳቀ።

«ተዋቸው፣ የምርጫ ተስፋ ጠግበዋል!» አለ ዳግዱ። «ከሚኒስትር ቁራ ይሻላል። ቁራ እንኳ አልበላም የሚለው ነገር አለው!»

ወሬው ከዚህ ተነሣ። እሱ ግን ሳቁ ሳይበርድ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እትዬ ኢንዱ፣ እርስዎ ይበሉ እንጂ። ‹ልጅሽ ይመጣል› ይበሏት። የምትጠብቀው እሱን ነው።»

«መምጣቱን አላውቅም» አልኩ።

«ማን ያውቃሉ አለዎት? ይበሉ ብቻ!»

አላልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆችን «ያላወቃችሁትን አትናገሩ» እያልኩ አስተምሬ፣ ለእህቴ የማላውቀውን ቃል ለመስጠት አፌ እምቢ አለኝ። ፀሐዩ ከረረ። ካህኑ ከሣር የቁራ ምስል ሠርቶ ሩዙን አስነካው። ሥርዓቱ ይፈቅዳል። ሰው ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ እየዞረ ዛፉን ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለህ። ስልክህን የነጠቀህ ሰው ወር ሳይሞላው ከነተከታዮቹ ወደ ተቀናቃኙ ገባ። የአበባ ጉንጉን በአንገቱ አድርጎ ሲስቅ በጋዜጣ አየሁት። አንተ አልሄድክም። ምርጫ ሲጠራ ፓርቲው አላቀርብህም አለ፤ ብቻህን ተወዳደርክ፤ ተሸነፍክ። በዚያ ሆቴል ከተቆለፈባቸው ሁሉ ያልተሸጥክ አንተ ብቻ ነህ። የእናትህን እሳት እንዳትለኩስ ያደረገህም ይኸው አለመሸጥህ ነው። ይህን ሳስብ ማንን እንደምቆጣ ይጠፋኛል።

ከስኳር ፋብሪካው በር ላይ፣ በበሬ ጋሪ ላይ ቆመህ ያደረግከው የመጀመሪያ ንግግር ትዝ ይልሃል? ያረምኩልህ እኔ ነበርኩ። «እስከ ሞት አብሬያችሁ ነኝ» የሚለውን ሰርዤ «እስከምችል» ብዬ ጻፍኩበት። አንተ ጋሪው ላይ ወጥተህ «እስከ ሞት!» አልክ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እናትህ አለቀሰች። እኔ ብቻ ነበርኩ የተናደድኩት። ዛሬ ምነው ባልሰረዝኩት እላለሁ።

ከተሸነፍክ ወዲህ እዚህ አልረገጥክም። ሰው ይንቀኛል ብለህ ከሆነ ተሳስተሃል። ዳግዱ በየገበያው ቀን «ያ ሰውዬ አልደወለም?» ይለኛል። ድምፁን የሰጠው ላንተ ነው፤ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ያኔ ያልመጣኸው በሩ ላይ ጠባቂ ስላለ ነው። አሁን በሩ ላይ ማንም የለም፣ ልጄ።

በሚመጣው ወር ጨረቃ ስትጎድል ሁለተኛ ሙት ዓመቷ ነው። ካህኑ ዛሬ መጥቶ «እንደ አምናው የጋጃናን አጎት ልጅ ነው የሚያደርሰው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ነገ በመጀመሪያ ካህኑ ዘንድ ሄጄ «ሥርዓቱን የሚያደርሰው ልጇ ነው» እለዋለሁ። መምጣትህን አላውቅም፤ እለዋለሁ ግን። ከዚያ ይህን ደብዳቤ ለፑኔው አውቶቡስ ሾፌር እሰጣለሁ። የእናትህን ክፍል መስኮት እከፍታለሁ። ዳግዱ የተሰበረውን የጣሪያ ሸክላ እንዲቀይር፣ አፉንም እንዲሰበስብ እነግረዋለሁ፤ ሁለተኛውን አይሰማኝም። ከዚያም ለሥርዓቱ የምትታጠቀውን ነጭ ጨርቅ ከሳጥን አውጥቼ አጥባለሁ። ከስተህ ይሁን ወፍረህ አላውቅም። ያልተሰፋ ስለሆነ፣ እንዴትም ሆነህ ብትመጣ ይበቃሃል።

አክስትህ ኢንዱማቲ